ጋብቻና የሕግ እኩልነት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ የተደረገ ንግግር)





ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ብዙ ሰው በሹክሹክታ እንጂ በጉባኤ የማያነሣው ነው። ይኸውም ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በፈቃዳቸው ትዳር ቢመሠርቱ፣ በሕግ ፊት እንደ ማናቸውም ተጋቢዎች ሊታወቁ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ነው። የእኛ መልስ «ይገባል» የሚል ነው።

በዚህ አዳራሽ ከተሰበሰበው ሰው አብዛኛው «አይገባም» እንደሚል እናውቃለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት ባደረገው መጠይቅ ከ100 ኢትዮጵያውያን 97ቱ ኅብረተሰቡ ይህን ነገር ሊቀበለው አይገባም ብለዋል። ስለዚህ እዚህ የቆምነው ጭብጨባ ተስፋ አድርገን አይደለም። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው ስሙን፤ ከዚያ በኋላ በስድብ ሳይሆን በምክንያት አሸንፉን።

አስቀድመን ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል። የወንጀል ሕጋችን «ግብረ ሰዶም» ይላል። የመንደሩ ቋንቋ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስም አለው። እኛ የምንናገረው ስለ ሰዎች ስለሆነ «ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች» እንላለን። ይህ ቃል ማንንም አያሞግስም፤ ማንንም አይሰድብም።

የክርክራችንን መሠረት ከሩቅ አገር አናመጣውም፤ ከዚሁ ከአዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ እናነሣዋለን። እኛ የመርካቶ ልጆች ነን። መርካቶ ያደገ ሰው ጋብቻ ምን እንደ ሆነ ከዘፈን አይማርም፤ ከሱቅ ነው የሚማረው። በሸማ ተራም ሆነ በምን አለሽ ተራ ባልና ሚስት አንድ መደብ ይዘው ይነግዳሉ፤ እርሱ ዕቃ ሲያመጣ እርስዋ ትሸጣለች፤ ዕቁቡ በአንዱ ስም ይጣላል፤ ዕድሩ ቤተሰቡን አንድ አድርጎ ይመዘግባል። አንዱ ሲታመም ሌላው ሆስፒታል ያድራል። አንዱ ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ በሐዘንተኛ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ የለም። ሕግ ጋብቻ የሚለው ይህንኑ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች ሊከባበሩ፣ ሊተጋገዙና ሊደጋገፉ ይገባል ይላል። በትዳር ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ ነው፤ ትዳሩ በፍቺ ወይም በሞት ሲያበቃ እኩሌታው የዚያኛው ነው። ሕጉ ይህንን ያዘዘው ሰዎች ስለሚዋደዱ ብቻ አይደለም፤ አብረው የሠሩት ነገር ከአንዱ ሞት በኋላ ለመጣ እንግዳ እንዳይሆን ነው።

ከዚህም በላይ ሕጋችን በትዳር ነገር ለጋስ ነው። በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የተፈጸመውን ይቀበላል፤ በባህል ሽማግሌ የተፈጸመውንም ይቀበላል። ምንም ዓይነት ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት የኖሩትን እንኳ ችላ አይልም፤ ወንድና ሴት ቢያንስ 3 ዓመት እንዲህ ከኖሩ፣ በዚያ ኑሮ ያፈሩትን ሀብት የጋራ ያደርግላቸዋል። የጋብቻ ወረቀት ጠፍቶ ክርክር ቢነሣ ደግሞ ዳኛው ጎረቤትንና ዘመድን ይጠይቃል፤ «እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ይቈጥሩ ነበርን? እናንተስ እንደዚያ ታውቋቸው ነበርን?» ይላል። እንግዲህ ሕጉ አምኖ የሚሰማው የጎረቤትን ዓይን ነው። ወረቀት ለሌለው፣ ቄስም ቃዲም ላልባረከው ኑሮ ይህን ያህል የሚራራ ሕግ፣ «ወንድና ሴት» በሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ብቻ በሩን ይዘጋል።

«ይህ በር ከጥንት የተዘጋ ነው፤ ሊነካ አይችልም» የሚል ቢኖር የጋብቻ ሕጋችንን ታሪክ እንዲያስታውስ እንጠይቀዋለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር። የሚኖሩበትን ቤት የሚመርጠው ባል ነበር፤ የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድረው ባል ነበር፤ የሚስቱን ውሎና ጠባይ የመከታተል መብትም ነበረው። ሴት ልጅ በ15 ዓመትዋ ልትዳር ትችል ነበር። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ሴት ልጅ ጠልፎ የወሰደ ሰው፣ ተጠላፊዋ በኋላ ብታገባው ከክስ ይድን ነበር። ይህ ሁሉ በዘመኑ ባህል ይባል ነበር፤ የቤተሰብ መሠረት ይባል ነበር።

ምን ሆነ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ወንዶችና ሴቶች ጋብቻ ሲፈጽሙ፣ በትዳር ውስጥ ሲኖሩና ሲፋቱ እኩል መብት አላቸው አለ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተደበደቡና ለተጠለፉ ሴቶች ጠበቃ ሆኖ ፍርድ ቤት ቆመ፤ ሕጉ እንዲለወጥም ተሟገተ። በሰኔ 1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ተሻሻለ፤ የባል አለቅነት ቀረ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ጠላፊ «አገባኋት» ብሎ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ተዘጋ። ያን ጊዜም «ቤት ይፈርሳል፣ ሴት ትጠግባለች» ያሉ ነበሩ። የመርካቶ ቤት አልፈረሰም። ዛሬ ሱቁን በራስዋ ስም ከፍታ፣ የባንክ ሒሳብዋን በራስዋ ፊርማ የምታንቀሳቅስ ነጋዴ እትዬ እገሌ ከባልዋ ጋር በሰላም ትኖራለች። እንግዲህ ጋብቻ ሕግ በለወጠው ቍጥር የሚሞት ደካማ ነገር አይደለም። በእኩልነት ላይ ሲቆም ይጠነክራል እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ መርካቶ አመሠራረት እንለፍ። ፋሽስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ገበያውን ከአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ያዛወረው ስለ ነጋዴው ምቾት ብሎ አልነበረም። ነጩና ጥቍሩ እንዳይቀላቀሉ፣ ነጩ በአንድ ወገን፣ «የአገሬው ሰው» በሌላ ወገን እንዲኖር ነበር። የአዲስ ከተማም ሆነ የመርካቶ ታሪክ ከዚህ የመለያየት እቅድ ይጀምራል፤ ስሙም ከዚያ የቀረ ነው። በዚያው ጊዜ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ መንግሥት አንድ ዐዋጅ አወጣ። በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ከሚኖር ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ የዘር ሕግ አውጥቶ ጋብቻውን ጨርሶ ከለከለ።

ጓደኞቻችን፣ ይህንን ዐዋጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ጣሊያናዊው ለአንድ ሌሊት ገንዘብ ከፍሎ ቢሄድ ዐዋጁ አይነካውም ነበር። ያስቀጣው የነበረው አብሮ መብላቱ፣ አብሮ ማደሩ፣ በታመመች ጊዜ ማስታመሙ፣ ባጭሩ ሚስቴ ብሎ መያዙ ነበር። መንግሥት ዝሙትን ትቶ ፍቅርን ወኅኒ አስገባ። ይህንን ያደረገው «ተፈጥሮን» እና «የዘርን ክብር» ለመጠበቅ ነው እያለ ነው። ደቡብ አፍሪካም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1949 እስከ 1985 በነጭና በነጭ ባልሆነ ሰው መካከል የሚደረግን ጋብቻ በሕግ ስትከለክል፣ በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 እስኪሽረው ድረስ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ሲሠራበት፣ የቀረበው ምክንያት ያው ነበር። ዛሬ ከእኛ መካከል ያንን ዐዋጅ የማያወግዝ የለም። የምናወግዘው ግን ስለ ቆዳ ቀለም ብቻ ነውን? ወይስ ሁለት ዐዋቂ ሰዎች ተስማምተው የመሠረቱትን ቤት መንግሥት በፖሊስ ሊያፈርስ አይገባም ስለምንል ነው? ሁለተኛው ከሆነ ምክንያታችንን እስከ መጨረሻው ልንከተለው ግድ ነው።

የዛሬውን ሕግ እንመልከት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። አንቀጽ 630 የሚያከብዱ ምክንያቶች ሲገኙ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል። በ2001 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መሪዎች ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ ጠይቀዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ ዘመቻ መጀመሩን አስታውቆ፣ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠይቋል። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ከሚያደርሰው እስራት ይልቅ የከፋው ይህ ነው፤ ጎረቤት በጎረቤት ላይ፣ ወንድም በእኅቱ ላይ ጠቋሚ ይሆናል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባል ነበር። ዛሬ ግን በሕግ አምላክ ብሎ የሚጮህበት በር የሌለው ወገን በመካከላችን አለ፤ ቢደበደብ ወደ ፖሊስ አይሄድም፤ ቢዘረፍ አይከስም፤ ተበዳይ ሆኖ ገብቶ ተከሳሽ ሆኖ እንዳይወጣ ይፈራልና።

አንድ ምሳሌ እናስብ። በበርበሬ ተራ የሚነግዱ ሁለት ሴቶች አሉ እንበል። 20 ዓመት በአንድ ቤት ኖረዋል። መንደሩ ደባል ነው የሚላቸው። መደቡ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ዕቁቡ ሁሉ በአንደኛይቱ ስም ነው፤ ሌላይቱ ግን ከንጋት እስከ ምሽት አብራ ለፍታበታለች። ስሙ የተጻፈው ሴትዮ ሞተች። ሐዘኑ ሳይወጣ ወንድምዋ ከአገር ቤት መጥቶ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያወጣል፤ ቁልፉን ይቀበላል። የቀረችው ሴት ምን ትላለች? ባል ብትሆን ኖሮ እኩሌታው የራስዋ ነበር። ያለ ጋብቻ ከወንድ ጋር ኖራ ቢሆን እንኳ የ3 ዓመቱ ሕግ ይደርስላት ነበር። አሁን ግን በዳኛ ፊት ቆማ «20 ዓመት እንዲህ ኖረናል» ብትል፣ መብትዋን ሳይሆን ወንጀልዋን መመስከርዋ ነው። ለደባልነት የኪራይ ውል አለ፤ ለሽርክና የንግድ ሕግ አለ፤ ለ20 ዓመት ትዳር ግን ያለው አንቀጽ 629 ብቻ ነው።

«ኑዛዜ ትጽፍላት ነበራ!» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ ሕጋችን ለፈለጉት ሰው መናዘዝን ይፈቅዳል። ነገር ግን ኑዛዜ ለምስክሮች ይነበባል፤ ዘመድም ይከራከርበታል። ይህንን ሁሉ አልፎ ቢጸና እንኳ ኑዛዜ ሀብት ይሰጥ እንደ ሆነ እንጂ የጡረታ አበል አይሰጥም፤ ሆስፒታል በር ላይ «ምንዋ ነሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ በቀብሩም ላይ ቦታ አያሰጥም። ጋብቻን ጋብቻ የሚያሰኘው ይህ ሁሉ በአንድ ቃል መጠቃለሉ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የተቃወሙንን ሰዎች አንንቅም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ያሳደጉን ናቸው።

አንደኛው ተቃውሞ የሃይማኖት ነው። ክርስትናም እስልምናም ይህንን ነገር ይከለክላሉ፤ ይህ አይካድም፤ ካህኑንም ሼኩንም ትምህርታችሁን ለውጡ አንልም። ነገር ግን መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ብሎ የደነገገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ነው። በውነቱ የጋብቻ ሕጋችንና የሃይማኖት ሥርዓት መንገዳቸው ከተለያየ ቆይቷል። በቍርባን የተጋቡ ባልና ሚስት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይለያዩም፤ ፍርድ ቤት ግን በስምምነት ያፋታቸዋል። እስልምና እስከ 4 ሚስት ይፈቅዳል፤ የቤተሰብ ሕጉ ግን ሁለተኛውን ጋብቻ ይከለክላል። ሙስሊምና ክርስቲያን በየሃይማኖታቸው ሥርዓት ለመጋባት ቢቸገሩ፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ፈርመው መጋባት ይችላሉ። በመርካቶ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ የሌላውን ሥርዓት ኃጢአት ነው ብሎ ሊያስተምር ይችላል፤ ምእመኑን ግን ወኅኒ አስገቡልኝ አይልም። የምንጠይቀው ይህንኑ የጉርብትና ሕግ ነው። ማንም ቄስ፣ ማንም ሼክ፣ ማንም ፓስተር ያላመነበትን ጋብቻ እንዲባርክ አይገደድ። መዝገቡ ግን የመንግሥት ነው፤ መንግሥትም የሁሉ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ ከፈረንጅ የመጣ ነው» የሚለው ነው። ከፈረንጅ የመጣውስ የትኛው ነው? የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከነአንቀጽ 600ው፣ ያረቀቁት የስዊስ ተወላጁ ፕሮፌሰር ዣን ግራቬን ናቸው። ባልን አለቃ ያደረገውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። ከእነርሱ በፊት ስንፈርድበት የኖርነው ፍትሐ ነገሥት እንኳ በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ካዘጋጁት መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተተረጎመ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ የግራቬን አገር ስዊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ሥራ ላይ ባዋለችው የወንጀል ሕግ በዐዋቂዎች መካከል ያለውን ነገር መቅጣት ትታ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ስዊሳዊው ሊቅ ለእኛ ባረቀቁት ሕግ ውስጥ ያው ቅጣት ተጻፈ። ስዊስ በ2021 ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ፣ ከመራጩ 64 በመቶ ደግፎት፣ ከ2022 ጀምሮ ጋብቻውን ፈቅዳለች። የዳቪድ አገር ፈረንሳይም ከ2013 ጀምሮ ትፈቅዳለች። ባለቤቶቹ የጣሉትን ልብስ እኛ «የአባቶቻችን ቅርስ» ብለን ለብሰነዋል።

ሰዎቹ ራሳቸው ደግሞ ከውጭ የገቡ አይደሉም። በደቡብ ኢትዮጵያ ማሌ ውስጥ ጥናት ያደረገው ዶናልድ ዶንሃም፣ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ «አሽቲሜ» የሚባሉ ሰዎች በቀድሞው ሥርዓት እንደ ነበሩ ጽፏል። ይህ የዛሬው የጋብቻ ጥያቄ ነው አንልም። ነገር ግን ከተለመደው የተለየ ሰው በዚህ ምድር ላይ ፈረንጅ ሳያስተምረው ይወለድ እንደ ነበር፣ ስምና ቦታም ተሰጥቶት ይኖር እንደ ነበር ያስረዳል።

ሦስተኛው «ጋብቻ ለዘር ነው፤ ከእነዚህ ዘር አይገኝም» የሚለው ነው። ልጅ በረከት መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን የቤተሰብ ሕጋችን ለመጋባት የሚጠይቀው ፈቃድንና ዕድሜን እንጂ መውለድን አይደለም። የ70 ዓመት ሽማግሌ የ65 ዓመት ባልቴት ቢያገባ እንመርቃቸዋለን እንጂ «ትወልዳላችሁ ወይ?» ብለን አንጠይቃቸውም። መካን የሆኑ ባልና ሚስትን ትዳር መንግሥት አያፈርስም። በብዙ ቤት ደግሞ ልጅ የሚያድገው በጉዲፈቻ፣ በአክስት፣ በአያት እጅ ነው። ዘር የትዳር ፍሬ ነው፤ የትዳር ፈቃድ ግን አይደለም።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደውና ልባችንን የሚነካው ነው። «ልጆቻችን ይደፈራሉ» ይባላል። በአውቶቡስ ተራ ከገጠር መጥተው በጎዳና የሚያድሩትን ሕፃናት የሚያይ ሰው ይህንን ሥጋት በቀልድ አያልፈውም። ልጅን የሚደፍር፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የተደፈረውም ወንድ ሆነ ሴት ልጅ፣ ይታሰር፤ ሕጉ ከዛሬው ይበርታበት እንላለን። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ሁለቱን ለያይቷቸዋል። የሕፃናት መደፈር በአንቀጽ 631 ተለይቶ በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ አንቀጽ 629 ቢሻርም ያ አንቀጽ ቃሉ ሳይጎድል ይቆማል። ከዚህም በላይ ዐዋቂውንና ደፋሪውን በአንድ ስም መጥራት የሚጎዳው ሕፃኑን ነው። የተደፈረ ወንድ ልጅ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? ያ የውርደት ስም በእርሱ ላይ እንዳይለጠፍበት ስለሚፈራ ነው። እኛ የምንሟገትለት ነገር ፈቃድ ይባላል። የጋብቻን ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ያስነሣው ይኸው ፈቃድ ነው፤ ጠለፋንም ያስወገዘው እርሱ ነው። ፈቃድ ባለበት መንግሥት ይራቅ፤ ፈቃድ በሌለበት መንግሥት ይድረስ። ይህ አንድ መርሕ ነው እንጂ ሁለት አይደለም።

አምስተኛው «ጦርነት፣ ረኃብ፣ ሥራ ማጣት ባለበት አገር ይህ የቅንጦት ጥያቄ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የምናገኘው ከራሳችን ከተማሪዎች ታሪክ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ ጊዜው አይደለም የተባሉ ነበሩ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በተማሪዎች መጽሔት ሲጽፍ የማይነካውን ነካ ተብሎ ነበር። በጻፈው ሁሉ ባንስማማም፣ የተማሪ ገጽ የተፈጠረው ሌላው ለማንሣት የፈራውን ጥያቄ ለማንሣት መሆኑን ከእነዚያ ሰዎች ተምረናል። ደግሞስ ፍትሕ እንደ ስኳር በኩፖን የሚታደል ነው? ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው አይጎድልበትም። አንቀጽ 629ን መሰረዝ ከድኻ አፍ አንዲት ጉርሻ አይነጥቅም።

በዓለም ዙሪያ መንገዱ አንድ ወጥ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ኔዘርላንድስ የመጀመሪያዋ ሆነች። በአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ መቃብር ላይ በጻፈችው ሕገ መንግሥት በዚህ ምክንያት ሰውን መለየት ከለከለች፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትዋ በ2005 ፈረደ፤ ሕጉም በኅዳር 2006 ወጣ። ታይዋን በ2019፣ ታይላንድ በጥር 2025 ጋብቻውን ፈቅደዋል። ጋብቻ ሳይፈቅዱ ቅጣቱን ብቻ ያነሡም አሉ፤ በአህጉራችን የቦትስዋና ፍርድ ቤት በ2019፣ የሞሪሸስ ደግሞ በ2023 እንዲህ ፈርደዋል። በሌላ ወገን ዩጋንዳ በ2023 እስከ ሞት የሚያደርስ ቅጣት ደንግጋለች። እንግዲህ ምርጫው «አፍሪካ» እና «ፈረንጅ» በሚል የተከፈለ አይደለም። ፕሪቶሪያም ካምፓላም አፍሪካ ናቸው። ከሁለቱ ወደየትኛው እንሄዳለን ነው ጥያቄው።

የእኛ አሳብ በደረጃ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በዐዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን የሚቀጣው አንቀጽ 629 ይሻር፤ ስለ ሕፃናትና ስለ ግዳጅ የተደነገገው ሁሉ እንዳለ ይጠበቅ፣ ይጠንክርም።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው በዚህ ምክንያት ቢደበደብ፣ ከቤት ቢባረር፣ ከሥራ ቢወጣ ፖሊስና ፍርድ ቤት እንደ ማናቸውም ዜጋ ይቀበሉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ሲል ዝርዝሩን «በሌላ አቋም» ብሎ ክፍት የተወው ለዚህ ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ በቤተሰብ ሕጉ «ወንድና ሴት» የሚለው በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸመው ጋብቻ «ሁለት ሰዎች» በሚል ይተካ። የሃይማኖትና የባህል ጋብቻ እንደየሥርዓታቸው ይቆዩ።

ሦስተኛው በእኛ ዕድሜ ላይፈጸም ይችላል። የመጀመሪያው ግን የአንድ ቀን የምክር ቤት ሥራ ነው። ከሁለቱ በፊት ደግሞ ማንንም ሳንጠብቅ፣ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ልንጀምረው የምንችለው አራተኛ ነገር አለ። በመኝታ ክፍላችንና በምግብ አዳራሽ በጓደኛችን ላይ የምንቀልደውን ቀልድ እንተው። የሰማነውን ሐሜት ለጠቋሚ አናድርስ። ማንም ተማሪ በማንነቱ ምክንያት ትምህርቱን ጥሎ እንዳይሄድ እንጠብቀው። ይህንን ለማድረግ ጋብቻን መደገፍ አያስፈልግም፤ ሰው መሆን ይበቃል። ዛሬ ምሽት «አይገባም» ብላችሁ የምትወጡ ጓደኞቻችንም ቢያንስ በዚህ ከእኛ ጋር እንደምትስማሙ ተስፋ እናደርጋለን።

ጠላት መርካቶን የሠራው ሰውን ከሰው ለመለየት ነበር። ሕዝቡ ግን ጉራጌው ከሐረሪው፣ ዶርዜው ከአማራው፣ ኦሮሞው ከየመኒው ጋር አንድ መደብ ዘርግቶ፣ በአንድ ዕድር ተቀባብሮ፣ የመለያየቱን ሰፈር የአብሮነት ሰፈር አደረገው። ማንም ወደዚያ ገበያ ሲገባ «ማንን ትወዳለህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ሚዛንህ ትክክል ነው ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። እኛም ከአገራችን ሕግ የምንጠይቀው ይህንኑ ትክክለኛ ሚዛን ነው።

 መድረኩ ለጥያቄና ለተቃውሞ ክፍት ነው።